የሻገተ በቆሎ አሳማ ደም እንዳይሠራ ያደርጋል?

ጥያቄ

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ዳር ላይ አሳማ አረባለሁ። ሁለት እናቶችና ሦስት ወር ያለፋቸው ዘጠኝ ወጣት አሳማዎች አሉኝ። ክረምቱ ሲገባ ርጥብ በቆሎ በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ። ትንሽ ሻጋታ ነበረው። አስፈጭቼ ከጥጥ ፍሬ ፋጉሎና ከጠላ አተላ ጋር እየደባለቅሁ ስሰጣቸው ስድስት ሳምንት ሆነኝ። አሁን ወጣቶቹ መኖ እየጠሉ ነው። ከንፈራቸው ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ወጥቷል። ድዳቸው ነጥቷል። አንዱ ደግሞ ነሰረው። ትኩሳት የላቸውም። የሚተኙት በቡና ገለፈት ላይ ነው። እናቶቹ በአብዛኛው የጓሮ ቅጠልና የሆቴል ትርፍራፊ ስለሚበሉ ምንም አልሆኑም።

የነሰረው አሳማ ደም ተቀድቶ በሰው ክሊኒክ ተመረመረ። ነጭ ሴል 6,200፣ ሄሞግሎቢን 7.8፣ ፕሌትሌት 95,000፣ የቀይ ሴል መጠን 52 ይላል። ባለሙያው «ነጩ ደህና ነው፣ የብረት እጥረት ይመስላል» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ የሻጋታ መርዝ መቅኔን ያደርቃል አለኝ። የቱ ነው ትክክል? በቆሎውን ቀቅዬ ብሰጣቸውስ?

መልስ

ከሁሉ በፊት ያን መኖ ዛሬውኑ ያቁሙ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ያነቡታል። የተረፈውን በቆሎ ግን አይጣሉት። ለናሙና ስለሚያስፈልግ ለብቻው ያስቀምጡት። «ለአሳማ ካልሆነ ለዶሮ ይሁን» ብሎ የሚያነሳው ሰው እንዳይኖር ለቤተሰቡ ይንገሩ። ለላምም አይሆንም። በተለይ ለላም፣ ምክንያቱም አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ካለበት በወተቱ በኩል ወደ ልጆች ይመጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የክሊኒኩ ባለሙያ ያነበበው በሰው ልክ ነው። በሰው ልክ ካነበቡት ያለው ትክክል ነው፣ በአሳማ ልክ ሲነበብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። ስለዚህ 6,200 ሲያይ ደህና ነው አለ። የአሳማ ግን ከ11,000 እስከ 22,000 ነው። የእርስዎ አሳማ ሊኖረው ከሚገባው ዝቅተኛ ቁጥር ግማሽ ብቻ ትንሽ አልፏል። ይህ ደህና አይደለም።

የቀይ ሴሉ መጠን፣ ማለትም የአንዱ ሴል ትልቅነት፣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሰው ከ80 በታች ከሆነ ብረት ማነስ ይጠረጠራል። የአሳማ ቀይ ሴል ግን በተፈጥሮው ትንሽ ነው፣ ከ50 እስከ 68 ድረስ ጤነኛ ነው። 52 ዝቅ ያለው ጫፍ ላይ ቢሆንም ከክልሉ አልወጣም። እንግዲህ ደህና የተባለው ቁጥር የታመመው ነው፣ የታመመ የተባለው ደግሞ ብዙም ችግር የለበትም። በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም 7.8 ሲሆን በአሳማም ዝቅተኛ ነው፣ ከ10 እስከ 16 መሆን ነበረበት። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል፣ ፕሌትሌቱም፣ ከ200,000 በላይ ሊሆን ይገባ ነበር።

ፕሌትሌቱን ግን በጥንቃቄ ነው የማየው። የአሳማ ፕሌትሌት ደም ሲቀዳ ቶሎ ይጣበቃል፣ የተጣበቀውን ማሽኑ አይቆጥረውም። ስለዚህ ማሽኑ ብቻውን አይታመንም። ከዚያው ደም አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ይህን ቀላል ሥራ ጅማ ላይ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም አያጡም፣ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው።

ፕሌትሌቱ በእውነት ወርዶ ከሆነ ሦስቱም የደም ሴሎች ባንድ ላይ ወርደዋል ማለት ነው። ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ቦታ፣ በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ብረት ብቻ ቢጎድል የሚወርደው ቀዩ ነው፣ ነጩን አይነካም። ስለዚህ «መቅኔ» ያለዎት ሰው ዝም ብሎ አልተናገረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሳማ ሲነጣ ወዲያው ሻጋታን እንከሳለን። ነገር ግን መቅኔ ሥራ ሲያቆም መጀመሪያ የሚታየው መንጣት አይደለም። የደም ሴሎች ዕድሜ ይለያያል። ከነጮቹ ዋነኞቹ፣ ባክቴሪያን የሚዋጉት፣ በደም ውስጥ የሚቆዩት ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ፕሌትሌት አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ገደማ ይኖራል። የአሳማ ቀይ ሴል ግን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። መቅኔው ዛሬ ቢቆም ነጩ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ቀጥሎ ፕሌትሌቱ ይከተላል፣ ያኔ ነስርና ከቆዳ ሥር የደም ነጠብጣብ ይመጣል። ቀዩ የመጨረሻው ነው። ድዱ እስኪነጣ ድረስ አሳማው በሽታ መከላከያውን ካጣ ሰንብቷል።

ሌላም ነገር አለ። የእርስዎ አሳማዎች በማደግ ላይ ናቸው። አካላቸው በየሳምንቱ ሲጨምር የደማቸውም መጠን አብሮ መጨመር አለበት። መቅኔው የድሮውን መተካት ብቻ ሳይሆን ለአዲሱም አካል መሥራት ይጠበቅበታል። ለዚህ ነው በዕድገት ላይ ያለ አሳማ ከእናቱ ቀድሞ የሚነጣው። የእናቶቹ ደህንነት ግን በዕድሜ ብቻ አይመስለኝም፣ መኗቸውም ሌላ ነውና። ያን መኖ የበሉት ታመሙ፣ ያልበሉት ዳኑ። ይህ ከላብራቶሪው ወረቀት የማያንስ ማስረጃ ነው።

ታዲያ መርዙ መቅኔን እንዴት ያቆመዋል? በሻጋታ መርዞች መካከል በዚህ የታወቀው ቲ-2 የሚባለው ነው። ፉሳሪየም የተባሉ ሻጋታዎች ናቸው የሚያመርቱት። ቲ-2 ሴል ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን የሚሠራውን ክፍል፣ ራይቦዞም የሚባለውን፣ ይይዘዋል። ፕሮቲን የማይሠራ ሴል አይከፋፈልም፣ ቆይቶም ይሞታል። እንግዲህ ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈል ሴል ያለበት አካል ሁሉ ቀድሞ ይጎዳል። መቅኔ፣ የአንጀት ሽፋን፣ በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚራቡባቸው እጢዎች። ከዚህ በተጨማሪ መርዙ የነካውን ቆዳ ያቃጥላል። ከንፈርና አፍንጫ ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል፣ ምላስ ላይ መላጥ የሚመጣው ለዚህ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ ያስቆመኝ ይህ ነው። የከንፈር ቁስልና የነጭ ሴል መውረድ ባንድ ቤት ሲገናኙ ቲ-2ን ወይም ዘመዶቹን ሳልጠረጥር አላልፍም።

ይህ መርዝ ሰው ላይ ያደረገው ነገር በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ በሶቪየት ኅብረት ኦሬንቡርግ አካባቢ እህል የሚሰበስብ ሰው ጠፍቶ አዝመራው በረዶ ሥር ከረመ። በጸደይ የተራበው ገበሬ ያንኑ ለቅሞ በላ። መጀመሪያ አፉን አቃጠለው። ያ ሲተወው የዳነ መሰለው። ውስጥ ውስጡን ግን ነጭ ሴሉ እየወረደ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ደም መድማትና የጉሮሮ ቁስል መጥቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ።

ሰዎች ከምግብ ጋር በቀን ምን ያህል ቲ-2 ቢያገኙ እንደማይጎዱ የተወሰነው ደግሞ ከአሳማ ደም ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት (ፋኦ) የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ የተመለከተው የሦስት ሳምንት የአሳማ ሙከራ ነበር። በየቀኑ በኪሎ ክብደታቸው 29 ማይክሮግራም ቲ-2 የበሉት አሳማዎች ነጭና ቀይ የደም ሴላቸው ተለወጠ። ኮሚቴው ይህን ለ500 አካፍሎ በዚያን ጊዜ ለሰው በኪሎ ክብደት 60 ናኖግራም ገደማ አደረገው። ያ የአሳማ መጠን ወደ መኖ ሲመለስ በኪሎ መኖ ግማሽ ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል። በአንድ ኩንታል ውስጥ 50 ሚሊግራም ማለት ነው፣ በሁለት ጣት ቆንጥረው ከሚያነሱት ጨው እንኳ ያንሳል። በዓይን አይታይም፣ በማሽተትም አይለይም። «ሻጋታው ትንሽ ነበር» የሚለው መጽናኛ የማይሠራው ለዚህ ነው። ሻጋታው ሞቶና ረግፎ መርዙ ሊቀር ይችላል። በጣም የሻገተ የሚመስል በቆሎም መርዝ ላይኖረው ይችላል።

እንዲህም ሆኖ «ቲ-2 ነው» ብዬ አልፈርምም። በሀገራችን በቆሎ ላይ ደጋግመው የሚገኙት አፍላቶክሲንና ፉሞኒሲን ናቸው። ቲ-2 ቀዝቀዝ ያለና ርጥበት የበዛበት ቦታ ይወዳል። የጅማ ክረምት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡም ረጅም ነው፣ ስለዚህ አይሆንም አልልም። ግን የእርስዎ አሳማዎች የበሉት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ከመኖው ዝርዝር ውስጥ ሌሎችም ደም ላይ የሚደርሱ ነገሮች አያለሁ።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ አንዱ ነው። በጥጥ ፍሬ ውስጥ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለ፣ ከሻጋታ ጋር አይገናኝም፣ የራሱ የተክሉ ነው። ጎሲፖል ብረትን ይዞ አይለቅም። አሳማው ብረት እየበላ ብረት ያጣል፣ ሄሞግሎቢኑም ይወርዳል። ሲቆይ ልብን ይጎዳል። አሳማው ትንፋሽ እያጠረው ይከርምና አንድ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። በአሳማ መኖ ውስጥ ነጻ ጎሲፖል በኪሎ ከ100 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ፋጉሎው የተሠራበት መንገድ ስለሚለያይ ምን ያህል እንዳለው ሳያስመረምሩ ማወቅ አይቻልም። እኔ ለአሳማ ባይሰጥ እመርጣለሁ። ፋጉሎ ካስፈለገ የኑግ ይሻላል እንዳልልም የኑግ ፋጉሎ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የአዲስ አበባ አካባቢ የወተት ጥናት አፍላቶክሲን በብዛት ያገኘው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ከታመነ ቦታ፣ አዲስ የተጨመቀና ደረቅ ከሆነ ብቻ ይግዙ።

አፍላቶክሲን ራሱ ዋና ጉዳቱ ጉበት ላይ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች የሚሠራው ጉበት ነውና ጉበት ሲደክም አሳማው ይነስራል። የእርስዎን አሳማ ነስር ይህም ሊያመጣው ይችላል። በጎተራው አካባቢ የአይጥ መርዝ አስቀምጠው ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ መድኃኒቱም ቫይታሚን ኬ ነው።

የቡና ገለፈቱን ነገር ጅማ ላይ ማንም ልብ አይለውም። ርካሽ ነው፣ በየቡና መፈልፈያው ተቆልሎ ይገኛል። አሳማ ግን የሚተኛበትን ሁሉ ይቆፍራል፣ ይበላልም። ርጥብ ሆኖ የተከመረ ገለፈት ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል። ይህ መርዝ የሚጎዳው ኩላሊትን ነው። መቅኔን «ቀይ ሴል ሥራ» ብሎ የሚያዘው ሆርሞን ከኩላሊት ስለሚመጣ ኩላሊት ሲታመም አሳማው ይነጣል። አሳማዎችዎ ውኃ አብዝተው ይጠጣሉ? ሽንታቸው በዝቷል? ከሆነ ይህንንም እጠረጥራለሁ። ለማንኛውም ገለፈቱን አውጥተው በደረቅ ሣር ወይም በጭድ ይተኩት።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ደም መድማትና የነጭ ሴል መውረድ የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝም ምልክት ነው። ይህ በሽታ ቫይረስ ነው፣ የሚያክመው መድኃኒት የለም፣ ባንድ ሳምንት ውስጥ በረቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ሰውን አይዝም። በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በላይ ትኩሳት አለው። ጆሮ፣ ሆድና እግር ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ እናት ከልጅ ሳይለይም ይገድላል። የእርስዎ ታሪክ ወደ መኖ እንጂ ወደዚህ አያዘነብልም፣ ትኩሳት የለምና እናቶቹም ደህና ናቸው። ግን የትኩሳቱን ነገር በእጅ ዳስሰው ከሆነ የነገሩኝ ዛሬ በቴርሞሜትር በፊንጢጣ ይለኩ። ትኩሳት ካለ ወይም አንድ አሳማ በድንገት ከሞተ ሥጋውን አይክፈቱ፣ አይሽጡ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ወዲያው ያስታውቁ። የሆቴል ትርፍራፊውንም ከዛሬ ጀምሮ ለግማሽ ሰዓት ሳያፈሉ አይስጡ። ቫይረሱ በትርፍራፊ የአሳማ ሥጋ ይመጣል።

ማፍላት ስል በቆሎውን ስለመቀቀል የጠየቁኝ ትዝ አለኝ። ሙቀት ቫይረስ ይገድላል፣ የሻጋታ መርዝን ግን አይገድልም። ቲ-2ም አፍላቶክሲንም በቤት እሳት የሚጠፉ አይደሉም። ቢቀቅሉት፣ ቢቆሉት፣ ቢጋግሩት ሻጋታው ይሞታል እንጂ መርዙ ይቀራል። ወደ ጠላ መጥመቁም መፍትሔ አይሆንም። እህሉ የሻገተ ከነበረ ሲጠመቅ ስታርቹ ይወጣና ብዙው መርዝ ከአተላው ጋር ይቀራል። አተላ ለአሳማ ጥሩ መኖ ነው፣ ግን ጠላው ከምን እህል እንደተጠመቀ ጠይቀው ይውሰዱ። ከጥሩ በቆሎ ጋር ደባልቆ ማሳሳትም አይመከርም፣ ጥሩውን ያበላሻል። «መርዝ የሚይዝ» ተብሎ የሚሸጥ የሸክላ ዱቄትም አለ። ለአፍላቶክሲን ይረዳል፣ ለቲ-2 ግን ብዙም አይፈይድም።

አሳማዎቹ ይድናሉ? የመዳን ዕድላቸው ጥሩ ነው። ቲ-2 አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በመከፋፈል ላይ ያሉትን የመቅኔ ሴሎች ነው። ሥሩ አይነቀልም። መርዙ ሲቆም መቅኔው እንደገና ሥራ ይጀምራል። ነጩ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሲነሳ ማየት አለብን፣ ቀዩ ዘግይቶ ይከተላል። እስከዚያ ንጹሕ መኖ ይስጧቸው፦ ጥሩ በቆሎ ወይም ገብስ፣ ፍሩሽካ፣ የተቆላ አኩሪ አተር ካገኙ። አፋቸው ስለቆሰለ በውኃ ለውሰው ይስጡ። በረቱ ደረቅ ይሁን። በዚህ ጊዜ አዲስ አሳማ አይቀላቅሉ፣ አያኮላሹ፣ ጥርስ አይቁረጡ፣ ትንሽ ቁስል እንኳ ያመረቅዛል። ሳል ወይም ተቅማጥ ከጀመራቸው ሐኪም ቶሎ ይያቸው፣ መከላከያቸው ወርዷል። ፀረ ተሕዋሲያኑን ሐኪሙ ይምረጥ፣ ከገበያ ገዝተው አይውጉ።

ገዢ ቢመጣብዎት አሁን አይሽጡ። ቲ-2 ከሰውነት በቀናት ይወጣል፣ አፍላቶክሲንና ኦክራቶክሲን ግን በጉበትና በኩላሊት ይቆያሉ። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የታመመ አሳማ ለሰው ምግብ አይሆንም። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግዎ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ይጠብቁ።

ለሐኪሙ የሚሰጡት ናሙና እንዲህ ይሁን። ከታመሙት ከሦስት፣ ከእናቶቹ ደግሞ ከአንዷ ደም ይቀዳ፣ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገላበጥ እንጂ አይናጥ። በቀዝቃዛ ዕቃ ይሂድ፣ በረዶ ግን አይንካው። በዚያው ቀን ይታይ። ከበቆሎውም ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከከረጢቱ ላይ፣ መሐልና ታች እየቆነጠሩ ቢያንስ አንድ ኪሎ ይሰብስቡ። መርዙ በከረጢቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ አንድ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ጥግ ሊገድል ይችላል። በወረቀት ከረጢት ያድርጉት። በፌስታል ካሰሩት በመንገድ ላይ ይሻግታል። ፋጉሎውንም ለብቻው ይላኩ።

ለሚቀጥለው ግዢ፦ ሂርማታ ገበያም ይግዙ ሌላ ቦታ፣ በቆሎውን በጨው ይፈትኑት። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በበቆሎ ይሙሉ። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምሩ፣ ነቅንቀው ሩብ ሰዓት ይተዉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ አይግዙት ወይም ገዝተው ያስጡት። ለማከማቸት ከ13 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ከዚያ ይንፉት፣ ይልቀሙት። የተሰበረው፣ ነቀዝ የበላው ፍሬና ዱቄቱ ከሁሉ ይበልጥ መርዝ የሚከማችበት ነው። መሬት ላይ አይከምሩ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ያድርጉት።

ስለ ብረት መርፌ ሳልናገር እንዳላልፍ፦ ለእነዚህ ለሦስት ወሮቹ የብረት መርፌ በግምት አይስጡ። መቅኔው ቆሞ ከሆነ ብረት የሚያስጀምረው አይደለም። የደሙ ውጤት ይምጣ፣ ጎሲፖል ከሆነ ሐኪሙ በመኖው ውስጥ ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጨው ይጨምራል። እናቶቹ ሲወልዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግልገል አሳማ ሲወለድ በአካሉ ያለው ብረት 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። በቀን 7 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፣ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው 1 ብቻ ነው። የጅማን ቀይ አፈር እየቆፈረ የሚያድግ ግልገል ከአፈሩ ያገኛል፣ በሲሚንቶ ላይ የተወለደ ግን ሳምንት ሳይሞላው ይጎድለዋል። በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ለእያንዳንዱ 200 ሚሊግራም አይረን ዴክስትራን አንገቱ ጡንቻ ላይ ይወጋ።